ቅቤ የጠጣ ግድግዳ

ቀለም ቀቢው ደመቀ ብሩሹን ጣሳው ላይ አጋድሞ "እማማ አንጓች፣ ይኸ ግድግዳ ቀለም አልይዝ አለኝ" ሲል እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። "ካልያዘ ምን ላድርግህ? እንደ ባለቤቱ ግትር ሆኖ ነዋ" አልኩት። አልሳቀም። የእህቴ ልጅ አበባ "ሰርጌን በአንቺ ቤት ካልደገስኩ" ብላ፣ መካነ ኢየሱስ ውስጥ አለ የሚባለውን ቀለም ቀቢ አምጥታ፣ ቤቱን በሙሉ ነጭ አስቀባችው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ከንቱ ሆነ። ሲቀባው ያምራል፤ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ቢጫ ነጠብጣቦች ቀለሙን ሰንጥቀው ብቅ ይላሉ፤ የጣት አሻራ የሚያካክሉ፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ከወገብ ጀምረው ከእኔ ራስ በላይ ድረስ የሚወጡ። "ከታች ደግሞ አንድ ትልቅ አለ፤ ይኸኛው የሌላ ሰው እጅ ይመስላል" አለ ጎንበስ ብሎ። ከዚያ መፋቂያውን አነሣና ጫር አደረገው። ያን ጊዜ ሽታው መጣ። አደስ! አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ፣ ስንት ዘመን ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ከርሞ፣ ትናንት የተናጠ ይመስል አፍንጫዬን ሞላው። ምስሩን አስቀመጥኩና ተነሣሁ። "ተው፣ እሱን እንዳትነካብኝ" አልኩት።

"ምንድን ነው እሱ፣ እማማ?"

"ትከሻዬ ነው።"

አሮጊት ስትዘባርቅ የምትታየውን አስተያየት አየኝ። አልፈርድበትም፤ እሱ ያኔ ገና አልተወለደም ወይም ጡት እየጠባ ነበር። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ይኸ ቤት የኪራይ ነበር፤ የገዛሁት በኋላ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት በር፣ አንዲት መስኮት። ሹሩባ የምሠራው ግን ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ጥላው የሚያርፍበት ላይ ነው። ቦታውን የመረጥኩት በብልሃት ነበር። እህል ያመጣች ሴት ተራዋ እስኪደርስ ምን ትሠራለች? ቁጭ ትላለች። ቁጭ ካለች አይቀር ከጉልበቶቼ መካከል ቁጭ ትበላ! ሹሩባ በሃምሳ ሳንቲም ነው የጀመርኩት፣ ቅቤው የራሷ ሆኖ፤ ለሙሽራ ሁለት ብር፣ ከላዩ ላይ ጠላና ምርቃት። ዛሬ አበባ ውበት ሳሎን ገብታ ያወጣችውን ስትነግረኝ፣ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሚዜዎቿና ለአማቷም ጭምር የተሠራ መስሎኝ ነበር። በገበያ ቀን ከጋይንት በኩል የሚመጡት ሴቶች የኮንጎ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የሚያብረቀርቅ የናይለን ሻሻቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ይወርዳሉ። የጠጅ ቤቱ ቴፕ ማሲንቆ ይለቃል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክምና ድምፁ ይጎተታል፤ ያን ጊዜ እኛ ሴቶቹ ከአፉ ነጥቀን ዘፈኑን እንጨርስለታለን። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አትጠይቁኝ። እኔ ዘመን የምቆጥረው በፀጉር ነው። ቁጥርጥር የነገሠበት ዘመን አለ፣ ወፍራም ሹሩባ የመጣበት አለ፣ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ፀጉራቸውን በካውያ መተኮስ ጀምረው ሠፈሩ ሁሉ የተቃጠለ ቀንድ የሸተተበትም አለ።

እዚህ ከተማ የመጣሁት ከወገዳ ነው፣ ከስማዳ፣ በእግሬ፣ መንገድ ላይ አድሬ። ባሌ አዛናው ጎበዝ ገበሬ ነበር። ጅራፉን ሲያጮኸው ከወንዙ ማዶ ያሉ በሬዎች ጭምር ቀና ይሉ ነበር ይባላል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። አይሰክርም፣ አይማታም። ወድጄው ነው ያገባሁት፤ ይህንን ዛሬም አልክድም። ልጅ ግን አልሰጠንም። አፉም ክፉ ነበር። ያገሬውን ሴት ሁሉ ፀጉር ስሠራ "የእኔ ሚስት የሰው ቅማል አትለቅምም" እያለ ሰው ፊት ያዋርደኛል። ሥራዬ ቅማል መልቀም ሳይሆን መልክ ማውጣት እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኩት። አልሰማም። አንድ ቀን የማኅበር ጠላ ቀርቦ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፀጉር የምከፍልበትን ወስፌዬን ወስዶ እሳት ውስጥ ሲጥለው፣ በፍም መቆስቆሻ አወጣሁትና ከሚዶዬ ጋር መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ተነሣሁ። እሱም ዝም ብሎ አልሸኘኝም፣ ከበሩ ቆሞ ጮኸ።

"ሂጂ! ያ ክንድሽ የዛለ ዕለት ከደጄ ትመጫለሽ! በሩን እንደምከፍትልሽ ግን እኔ እንጃ!"

"ክንዴ ከዛለ በጥርሴ እጎነጉናለሁ እንጂ ያንተን በር አላንኳኳም፣ ገብርኤልን!" አልኩት።

ሰው ሰምቷል። ስማዳ ውስጥ በሰው ፊት የተባለ ነገር ደግሞ ከሰው ፊት አይጠፋም።

ብዙ ዓመት ክንዴ አልዛለም። ከዚያ በአንድ ክረምት፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሰሞን፣ ለዓመት በዓል ሴቱ ሁሉ ፀጉሩን ይዞ በሚጎርፍበት ጊዜ፣ ቀኝ ትከሻዬን አንድ ነገር ወጋኝ። ብርድ ነው ብዬ ዝም አልኩት። ሹሩባ ሠሪ ቀኑን ሙሉ ሁለት ክንዷን አየር ላይ ሰቅላ ነው የምትውለው፤ ማታ ማታ የማያመው ትከሻ የለም። ይኸኛው ግን ጧትም አልለቅ አለ። ቀጥሎ በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። ቀጥሎ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ማጣፋት አቃተኝ። መስቀል ሲደርስ ክንዴ ከጡቴ በላይ አልወጣ ብሎ ቀረ፤ ብገፋው አይሄድ፣ ብለምነው አይሰማ። የሰው ፀጉር ስሠራ የኖርኩት ሴት የራሴን መጎንጎን አቅቶኝ በሻሽ ሸፍኜ መሄድ ጀመርኩ፣ እሱን እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጎረቤቴ ዘርፌ ጠላ ሻጭ ናት፤ አፏ ሹል፣ ልቧ ቅቤ። እሷ ናት ወጌሻ ያመጣችልኝ። ሰውዬው ለስብራትና ለወለምታ የታወቀ ነው፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ የብዙ ሰው እግር አቁሟል። ትከሻዬን ዳሰሰ፣ አሸ፣ በቀርከሃ ደግፎ ከደረቴ ጋር አሰረውና "እንዳታንቀሳቅሺው፤ ያመመ ነገር ዕረፍት ይፈልጋል" ብሎኝ ሄደ። እኔም ታዛዥ ሆንኩ፤ በዕድሜዬ ታዛዥ የሆንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ዋጋዬንም አገኘሁ። ዋግምትም ተተከልኩ፣ ጠበልም ገባሁ፤ ጠበሉ ለነፍሴ ጠቅሞኛል፣ የታሰረው ክንዴ ግን እዚያው ታስሮ ደረቀ። በርጩማዬ ባዶውን ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ቆሞ ከረመ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የቤት ኪራዩ አለ፣ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ሌላ ሹሩባ ሠሪ ሄዱ። ወሬውም በአውቶቡስ ረዳቶች አፍ ወገዳ ደረሰ። አዛናው ቃል ላከብኝ፦ "አዝመራው ይሰብሰብ፣ ውቂያው ይለቅ፣ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። በሩ ክፍት ነው።"

"በሩ ክፍት ነው" የምትለዋ ከትከሻዬ በላይ አመመችኝ። ዱላ ቢልክብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘርፌ ስቅስቅ ስል አገኘችኝና "እንግዲህ ማልቀስ ከሆነ ደብረ ታቦር ሄደሽ አልቅሺ፣ እዚያ ቢያንስ ሐኪም ይሰማሻል" ብላ ጎትታ አውቶቡስ ላይ ጫነችኝ። ያ መንገድ ያን ጊዜ ጠጠርና ጉድጓድ ነው፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ክንዴ ሳይሆን ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ ክፍል ስንባል ቆይተን፣ በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ልጅ ዘንድ ገባን። ብርቱካን ትባላለች። "ሲስተር" ስላት "ሲስተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" አለችኝ። ቃሉን አፌ ሊይዘው ስላልቻለ እስከ መጨረሻው ሲስተር እንዳልኳት ቀረሁ።

"ይኸን ማን አሰረው?" አለች።

"ወጌሻው።"

"ስብራት አለው ብሎ ነው?"

"እኔ እንጃ። ያመመ ነገር ይታሰራል።"

"ይፍቱት። አጥንትዎ ደኅና ነው። የደረቀው መጋጠሚያውን የሸፈነው ሥጋ ነው፤ ባሳረፉት ቁጥር እየጠበበ ነው የሚሄደው።"

"መድኃኒት አትሰጭኝም ታዲያ?"

"መድኃኒቱ ይኸው" ብላ ክንዴን ይዛ ወደ ላይ አነሣችው።

ምን እንዳልኳት ሁሉንም እዚህ መናገር አልችልም። "እናትሽ ያሳደገችሽ የሰው ክንድ እንድትገነጥዪ ነው?" ያልኳት ከሁሉ የለዘበው ነው። ዘርፌ እንኳ አፈረችብኝ። ልጅቱ ግን ሳቀች። "ይሳደቡ፣ እማማ፤ ሲሳደቡ ትንፋሽዎን አይዙም" አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ቤት ወስጄ የምሠራውን አሳየችኝ፤ ኪኒን ልቀበል ሄጄ የቤት ሥራ ተቀብዬ ተመለስኩ። በመጀመሪያ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ላደርግ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ክንዴን አንጠልጥዬ ላወዛውዘው። ከዚያ የቤቱ አግዳሚ ላይ ገመድ አሳልፌ፣ ደኅናው እጄ በሽተኛውን ወደ ላይ ይጎትተው። በመጨረሻ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሜ ጣቶቼ እንደ ጉንዳን ይውጡ። "የደረሱበት ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ በሌላ ጊዜ እሱን ይለፉት" አለች። "እስከ ምን ድረስ ልታመም?" አልኳት። "እስኪያስከፋዎ ድረስ፤ እስኪያስጮህዎ ድረስ ግን አይደለም።" ይህችን ቃል እንደ ጸሎት ነው የያዝኳት።

ቤቴ እርሳስ የለም። ያለኝ ደንበኛ አጥቶ የተቀመጠ የአደስ ቅቤ ነው። ጣቶቼን ቅቤው ውስጥ ነከርኩና በዚህ ግድግዳ ላይ መውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ከጡቴ በታች ቆሙ። ያንን ምልክት ወገዳ አልኩት፤ ከዚያ ተነሥቼ ስለወጣሁ። ከትከሻዬ ትይዩ ያለውን ቦታ መካነ ኢየሱስ አልኩት። ከዚያ በደኅናው በግራ እጄ የቻልኩትን ያህል ተንጠራርቼ፣ ከራሴ በላይ አንድ ወፍራም የቅቤ ምልክት አደረግሁና በተራራው ስም ጉና አልኩት። አንድ ቀን በቀኜ እደርስብሃለሁ ብዬ ጉናን ተሳደብኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የእኔ እንቁላል ግን የሚሄደው እያለቀሰ ነበር። አንዳንድ ቀን ከትናንቱ ዝቅ እላለሁ። ያን ቀን ጨርቁን ግድግዳው ላይ ወርውሬ፣ አዛናውንም ብርቱካንንም ረግሜ፣ ጨርቁን አንሥቼ እንደገና አሞቀው ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌም እዘፍን ነበር፤ ግጥሙ የራሴ ነው፦

"የጉና ዳገቱ እግርን ካላቃተው፣
የጭቃ ግድግዳ ጣቴን ምን አቃተው!"

ዘርፌ ከጎን ቤት ሆና ትቀበለኛለች፣ ጠጪዎቿም አብረው። ደብረ ታቦርም እየተመላለስኩ ብርቱካን ትስበኛለች፣ እኔም እሰድባታለሁ። መካነ ኢየሱስን ያለፍኩ ቀን ዘርፌ አንድ ጣሳ ጠላ በነጻ አጠጣችኝ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በነጻ ያጠጣችው ሰው አላውቅም።

ታዲያ እንዲህ እየወጣሁ ሳለ ጉድ ፈላ። ቤቴ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ነው፤ ጧት በሩ ሲከፈት ፀሐይዋ ቀጥታ ይኸ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። አንድ ጧት ከጋይንቱ ቤተ ልሔም የዜማ ተማሪ ልጇን ጠይቃ የምትመለስ ሴት ውኃ ልትለምን ጎራ አለች። እኔ ከጓዳ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሴትዮዋ መሬት ላይ ተደፍታለች። ግድግዳው በፀሐይዋ ወለል ብሎ ያብለጨልጫል፣ ቤቱ በሙሉ አደስ አደስ ይሸታል። "ቅባት አወጣ! ግድግዳሽ ቅባት አወጣ!" ትላለች። እኔ ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ደግሞ ደስታ አደረገችው። በማግሥቱ በሬን ስከፍት ሴቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ደጄን ሞልተውታል፤ ጫማቸውን እንደ ቤተ ክርስቲያን አውልቀው፣ የኮንጎ ጫማው ተደርድሯል። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች፣ አንዷ ግንባሯን ትቀባለች፣ አንዷ የልጇን ዓይን። ሻማ ይበራል። አንዲት አሮጊት አንድ ቅል ማር አስቀምጣልኝ ሄደች።

ዘርፌ በጆሮዬ "ዝም በይ፣ አንጓች! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸ ነው። ሻማው መጣ፣ ማሩ መጣ፤ ሽማግሌውም ቢመጣ ባለ ተአምር ሴት ማን ደፍሮ ይወስዳል? ክንድሽን ሳታነሽ ተቀምጠሽ ትበያለሽ" አለችኝ።

"እኔ ከአዛናው ቤት የወጣሁት ተቀምጬ ልበላ ነው እንዴ?" አልኳት።

እውነቱን ልናገርና፣ ያናደደኝ ውሸቱ ብቻ አልነበረም። ምልክቶቼን እየጠረጉብኝ ነው! ስንት ቀን ጥርሴን ነክሼ የወጣሁትን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ይዘውት ይሄዳሉ። በር ላይ ቆሜ "ቅቤ ነው! የፀጉር ቅቤ ነው! ትከሻዬን አሞኝ እኔው የቀባሁት ነው!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይመነኝ! "እንዴት ያለች ትሑት ናት" ተባባሉ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ትሑት ተብያለሁ፣ እሱም በስሕተት። የማደርገው ቢጠፋኝ የነፍስ አባቴን መምሬ ጥበቡን አስጠራሁ። ሲገቡ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ግድግዳው አጠገብ ደርሰው አሸተቱ፣ በጣታቸው ነክተው እንደገና አሸተቱ፣ ከዚያ ዞር አሉ።

"ይኸማ አደስ ነው፤ ባለቤቴም ትቀባዋለች" አሉ። "እግዚአብሔር ተአምር ሲያደርግ አደስ አይጨምርበትም። በሉ ጫማችሁን ለዩ።"

ሰዉ አንድ በአንድ አኩርፎኝ ሄደ። ማሩንም ባለቤቷ ተመልሳ ወሰደችው። መምሬ ግን አልሄዱም። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ዝቅ ባለ ድምፅ "ልጄ፣ ይኸ ነገር ግን እውነት ክንድ ያነሣል?" አሉኝ። ለካ እሳቸውም ጽና ይዘው ሲያጥኑ ትከሻቸው እየከዳቸው፣ ለሰው መናገር ነውር ሆኖባቸው ኖሯል። ካባቸውን አውልቀው፣ ቅቤ ነክረው፣ ግድግዳዬ ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ የንስሐ ልጃቸውን ሊጠይቁ ደጋግመው ይመጡ ነበር፤ ሰዉም "አንጓች ምን ያህል ኃጢአት ቢኖርባት ነው" ይል ነበር። ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ብናገርባቸው አይቆጡኝም።

ውቂያው አለቀና ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለቱ ከስማዳ ናቸው፣ የነፍስ አባቴ ስለሆኑ ሦስተኛ ሆነው መምሬ ጥበቡ ተጨመሩ። አዛናው እንደ ወጉ ውጭ ቀረ፤ የቀረው ግን የት ነው? ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ በርጩማዬ ከሚቆምበት ቦታ! በመስኮት አየሁት፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ። ደሜ ፈላ። ታላቁ ሽማግሌ አያ ገረመው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንጓች፣ የመጣነው ለአንቺው ብለን ነው። ክንድሽ ዛለ አሉ። አዛናው የተናገረውን ረስቶ በሩን ከፍቶልሻል። ትናንት አፍ አፍን አናገረው፣ ዛሬ ይብቃ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።"

"በወንድ የሚያልቅ ከሆነ ሦስት ሆናችሁ ለምን መጣችሁ፣ አያ ገረመው? አንድ አይበቃም ነበር?"

መምሬ ሳላቸው መጣ። የውሸት ሳል እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

"ተይ እንጂ፣ በሽተኛ ሰው አይኮራም" አለ ሁለተኛው።

"ጥሩት" አልኩ። "ጋቢ ተከናንቦ ውጭ ከሚቆም እሱ ራሱ ይግባና ይንገረኝ።"

አዛናው ገባ። ሸምግሏል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። "እንደምን ከረምሽ" አለኝና ከትከሻው የተንሸራተተውን ጋቢውን መለሰው፣ በግራ እጁ። ቀኙ አልተነሣም። ተቀመጠ፣ ሲቀመጥም ያንን ክንድ በሌላው እጁ ደግፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሌላ ሰው ባያስተውለው አይደንቅም። እኔ ግን ያንን አያያዝ ወራት ሙሉ ይዤዋለሁ፤ ሌሊት ፍራሽ ላይ ስገላበጥ፣ ነጠላ ስለብስ፣ በር ስከፍት። የታመመውን የታመመ ያውቀዋል።

"አዛናው፣ ጅራፉን አሁን ማን ነው የሚያጮኸው?" አልኩት።

አያ ገረመው መሬት መሬት አየ።

"የወንድሜ ልጅ ነው" አለ አዛናው። "በሬዎቹ እጁን አልለመዱትም። ክንዴ እምቢ ካለኝ ዓመት አለፈው። ቤቱም ሰው የለበት፣ እንስራ የሚያነሣ እንኳ…"

"ለአንቺ ብለን ነው የመጣነው ያላችሁት እንግዲህ ይኸ ነው?" አልኩ ሽማግሌዎቹን። ተነሣሁ። ቅቤውን አመጣሁና ቀኝ እጄን ነከርኩ። ጉናን እስከዚያ ዕለት በቀኜ ነክቼው አላውቅም፤ ይህንን ከእኔና ከዘርፌ በቀር የሚያውቅ የለም። ካልደረስኩ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ "ይኸው፣ ክንድሽ ዝሏል" ይሉኛል፣ መሐላዬም ሰው ፊት ይወድቃል፣ ምናልባትም ያን ቀን እቃዬን ሸክፌ እከተለው ይሆናል። ጣቶቼን ግድግዳው ላይ አስቀመጥኩ። ወገዳን አለፍኩ። መካነ ኢየሱስን አለፍኩ። ከዚያ በላይ የነበረውን የመጨረሻ ምልክቴን አለፍኩ። ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጨርቅ እንደሚቀደድ ተቀደደ። እስኪያስጮህዎ አይደለም ያለችኝን ያን ቀን ብቻ ጣስኩባት፤ ግን አልጮህኩም። የመሐል ጣቴ ጉና ላይ ተኛች። ላብና እንባ ተቀላቅሎ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። "አየህ?" አልኩት። "አየህልኝ?"

"አየሁ" አለ።

"በል አሁን አንተ። ይኸኛው ወገዳ ነው፣ ያገርህ ነው፤ ንካው።" ቅቤውን አስጠጋሁለት።

ሊያኮርፍ ይችል ነበር፤ ወንድ ነው፣ ሽማግሌ ፊት ነው። እሱ ግን ተነሣ። ያንን የጅራፍ እጁን ቅቤው ውስጥ ነከረና ግድግዳዬ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቹ ትንሽ ወጡ። ፊቱ ጠቆረ። ከወገዳ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሙ፣ መዳፉም ተንሸራተተ። ለዚያች ቀን ስንት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ሳቅ ነበረኝ፤ ብፈልገው አጣሁት። በምትኩ "ደብረ ታቦር ሂድ። ብርቱካን የምትባል ልጅ አለች፣ ሲስተር እንዳትላት። ክንድህን ግን ማንም እንዳያስረው" ነው ያልኩት።

"አትመጭም እንግዲህ?" አለኝ።

"አልመጣም። የእኔም በር ክፍት ነው፤ ለሰላምታ ከሆነ ግባ። ሌላ ነገር ከሆነ ግን እኔ እንጃ።"

ያንን ቃል መልሼ ስሰጠው አወቃት። አንገቱን ነቀነቀ፣ ጋቢውን በግራ እጁ አነሣና ወጣ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት። መምሬ ጥበቡ በሩ ላይ ዞር ብለው በቀኝ እጃቸው፣ ከፍ አድርገው ባረኩኝ፤ ከፍታውን ሆን ብለው ነው ያሳዩኝ።

በሳምንቱ በርጩማዬን ከወፍጮ ቤቱ ጥግ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሠራችው ዘርፌ ናት፣ ቀጥሎ የጥር ሙሽሮች መጡ። የገዛ ፀጉሬንም በገዛ እጄ ጎነጎንኩት። ትከሻዬ እስከ ዛሬ በብርድ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም፣ እኔም አጉረመርማለሁ። አዛናው ደብረ ታቦር ሄዶ እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ሄደ፣ ዳነም ይላል፤ ሌላው እስኪሞት ክንዱን ጋቢው ውስጥ እንደያዘ ኖረ ይላል። ቀብሩን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። አለቀስኩ። ሰውየውን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት ያንን አፉንና ወስፌዬን እሳት ውስጥ የጣለበትን እጁን ነው።

"እማማ?" አለ ደመቀ። ይህንን ሁሉ ለእሱ ነግሬው ኖሯል፣ ብሩሹ በእጁ ላይ ደርቋል። "የላዩ ይቅር፣ ይገባኛል። የታችኛውን ግን ልፋቀው? የእርስዎ አይደለ፣ ለሰርግም ያስጠላል።"

"አትፋቀው። የደረሰበት የእኔ ቤት ውስጥ ይታይ፤ እኔ የደረስኩበትም ይታይ" አልኩት። "ስጠኝ ያንን።"

ብሩሹን ተቀበልኩትና ቀለሙ ውስጥ ነከርኩት። በትልቁ መዳፍ ዙሪያ ቀባሁ፣ በወገዳ ዙሪያ ቀባሁ፣ እየወጣሁ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ። ጉና ስደርስ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁት።

"ይተዉት እማማ፣ ክንድዎን ያምዎታል" አለኝ።

"ክንዴን ለእኔ ተወው" አልኩት፣ ጉናንም ዙሪያውን ነጭ አደረግሁት።